አርባ አራተኛው ሰርግ

ትርንጎ ለአርባ ሦስተኛ ጊዜ የተሞሸረች ዕለት ጫማዋ ጠቧት ነበር። ሌላው ሁሉ እንደ ወትሮው ነው፤ ድንኳኑ ነጭ፣ ከበሮው የተላላጠ፣ ሙሽራው ጋሽ ድንበሩ። ጋሽ ድንበሩ ስድሳ አንድ ዓመታቸውን ደፍነዋል። ወጣቱ በሙሉ ግንባር ስለሆነ ለቀበሌው የተረፈው ሙሽራ እሳቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት መላጣቸውን ጥቁር የጫማ ቀለም ይቀቡና «ከላይ ሲያዩኝ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፤ ከታች የሚያየኝን ማን ከሰው ቆጥሮት» ይላሉ።

እውነታቸውን ነው። በሰባት አምባ አገር ቁም ነገሩ ከላይ የሚታየው ነው።

ዓመቱ ሁለት ሺህ ሰባ አንድ ሲሆን ጦርነቱ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሰባት አምባ ማለት ጎበዝ መንገደኛ በአራት ቀን ከዳር እስከ ዳር የሚጨርሳት አገር ናት። ጎረቤቷ ግን አውሮፕላን ተሳፍረው፣ ተኝተው፣ ነቅተው፣ ምሳ በልተው፣ ደግመው ተኝተው ሲነቁ አሁንም እዚያው እሷው ውስጥ ነዎት። ስሟን መጥራት በአዋጅ ስለተከለከለ ሰው ሁሉ «ጎረቤት» ይላታል። ጠቡ የተነሣው ድንበር ላይ ባለች አንዲት ምንጭ ነው። ምንጯ ጦርነቱ በተጀመረ በሁለተኛው ወር ደርቃለች። ታዲያ ለምን አናቆመውም ብሎ የጠየቀ አንድ አስተማሪ ነበር፤ ጥያቄውን ግንባር ድረስ ሄዶ እንዲጠይቅ ተደረገ። አልተመለሰም፤ መልሱም እንደዚሁ።

የጎረቤት ሰዎች ጦርነት ላይ መሆናቸውን እንኳ አያውቁም ይባላል። እነሱ ዘንድ ስሙ «የድንበር ጥገና» ነው፤ ቦይ እንደ መጥረግ ያለ ሥራ። «አሞራ» የምንላቸው ሰው አልባ አውሮፕላኖቻቸው ራሳቸው ይነሣሉ፣ ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ራሳቸው ጥለው ይመለሳሉ። ከጎረቤት ሰው አንድም ጣቱን የሚያነሣ የለም። አሞራ ያገኘው ሰው ደግሞ አስከሬን የለውም። ወደ ቤቱ የሚመለሰው አንድ ካርድ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ሰርጉ ከየት መጣ? በመጀመሪያው ዓመት አንድ ወሬ ተሰማ። ጎረቤት በሰማይ ላይ የማይተኛ ዓይን አላት፤ ያ ዓይን የለቅሶ ድንኳን ይቆጥራል፤ አራት ሺህ የሞላ ዕለት «የእነዚህ ሰዎች ልብ ተሰብሯል» ብሎ ይወስናል፤ ያን ጊዜ እግረኛው ጦር ጠቅልሎ ይገባል። ወሬውን ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። የቀበሌው የደስታ ሹም አቶ መንበሩ ከአለቃው ሰማ፤ አለቃው ከአለቃው ሰማ፤ የአለቃው አለቃ ደግሞ ሚስቱ ነግራው ነው ይባላል። ሚስቲቱ ከየት እንደሰማች ለመጠየቅ የደፈረ አልተገኘም። ብቻ በሳምንቱ አዋጁ ወጣ። ለቅሶ ቀረ። ሰው የሞተበት ቤት ሰርግ ይደግሳል፣ ሙሽሪትና ሙሽራውን መንግሥት ይችላል።

የደስታ ጽሕፈት ቤት የሚሉት የተቋቋመውም ያኔ ነው። ግድግዳው ላይ ደንቡ ተለጥፏል። ነጠላ ማዘቅዘቅ ክልክል ነው። ደረት መምታት ክልክል ነው። መሬት ላይ መቀመጥ ክልክል ነው። የሟችን ስም መጥራት በጥብቅ ክልክል ነው። ማቀርቀር አይቻልም፣ ኀዘን ይመስላል፤ ወደ ሰማይ ማንጋጠጥም አይቻልም፣ ፊት ይታያል። ስለዚህ የሰባት አምባ ሰው ፊት ለፊቱን እያየ፣ ትከሻውን እያንቀጠቀጠ፣ እንባውን እንደ ላብ እየጠረገ ማልቀስ ለምዷል። ንፍሮውንም ከዳቦ ሥር ደብቆ ይቅማል። ይህን ሁሉ በሦስት ዓመት መልመድ ይቻላል ብሎ ማን አሰበ። ሰው ግን የማይለምደው ነገር የለም፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ባልለመደው ሰው መሳቅ ይጀምራል።

ትርንጎ ከሚስቁት ወገን ነበረች። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ነው። ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቁማለች፤ ሙሽርነት የሙሉ ቀን ሥራ ነውና። ሥራዋን ደግሞ ታውቀዋለች። ቬሎዋን ከድንኳኑ አፍ ላይ እንዴት ዘርግታ እንደምትወጣ፣ ከላይ ሲታይ እንደ አበባ እንዲፈካ ስንት ጊዜ መዞር እንዳለባት፣ ጋሽ ድንበሩ ወገባቸውን ሲያማቸው እንዴት የፍቅር አስመስላ ደግፋ እንደምታስቀምጣቸው ልቅም አድርጋ ታውቃለች። የሚያናድዷት የሟች ቤተሰቦች ናቸው። «ሥራ አበላሺ» ትላቸዋለች። ሁሉ ነገር ሠምሮ እያለ አንዷ እናት ድንገት መሬት ላይ ዘጭ ትላለች፤ ከበሮው ይቋረጣል፤ መንበሩ ይጮሃል።

በዚያ በአርባ ሦስተኛው ሰርግ ሥራ አበላሺዋ እትዬ ዘርፌ ነበሩ። እትዬ ዘርፌ ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ያን ቀን የሦስተኛው ሰርግ ነው። በጭፈራው መካከል ቀጥ ብለው ቆመው ቀሩ። አያለቅሱም፣ አይጨፍሩም፣ ብቻ እንደ ተተከለ ግንድ ቆመዋል። ትርንጎ እየዞረች ሄደችና ክንዳቸውን በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ በጆሯቸው «ትከሻዎን ላላ ያድርጉት እንጂ እትዬ፤ ከላይ ያስታውቅብዎታል» አለቻቸው። እትዬ ዘርፌ ዞር ብለው አዩዋት። ረጅም አስተያየት ነበር። ከዚያ ትከሻቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ትርንጎ ሥራዋን በመሥራቷ ደስ ብሏት ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

የሰርጉ መጨረሻ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሚዜው ይመጣል። ሚዜው ከጎረቤት የሚላክ፣ ድስት የሚያህል፣ ክብ፣ በራሪ ነገር ነው። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ጎረቤት ነጭ ድንኳን ባየች ቁጥር አንድ ትልካለች፤ ሕዝቡን ለማቅረብ ነው አሉ። አንድ ወገኗ እየገደለ ሌላው ወገኗ እንኳን ደስ አላችሁ ማለቱ አገሪቱ ከመስፋቷ የተነሣ ነው፤ ቀኝ እጇ ግራ እጇን ካየችው ብዙ ዘመን ሆኗታል። ሚዜው በሙሽሪት ፊት ለፊት ዝቅ ብሎ ይንሳፈፍና በአማርኛ ይናገራል። አማርኛው ንጹሕ ነው፤ ከመንጻቱ የተነሣ የማንም አይደለም። «እንኳን ደስ አላችሁ። የሙሽራው ስም ማን ይባላል?» ይላል። ሙሽሪት ትመልሳለች። እሱም «መልካም ጋብቻ» ብሎ አንዲት ቀይ ከረሜላ ጥሎ ይሄዳል።

ለዚህ መልስ መንበሩ የስም ዝርዝር አለው። ከድሮ የስልክ ማውጫ የተቀዳ ነው፤ የዛሬ ስድሳ ዓመት የሞቱ ሰዎች ሁሉ በየቀበሌው ዳግም ተድረዋል። የሟቹ ስም ግን ለምን አይጠራም ብላ ትርንጎ አንድ ቀን ጠይቃው ነበር። መንበሩ አዘነላት። እንዲህ ብሎ አስረዳት፦ «አንቺ ልጅ፣ ጎረቤት የገደለችውን ሰው ሁሉ በስም በስሙ መዝግባ ይዛለች። ያን ያህል የሠለጠነች አገር ሳትመዘግብ ትገድላለች ብለሽ ነው? አንድ የሞተ ሰው ስም ሚዜው ጆሮ ከገባ መዝገቡን ያይና ሰርጉ ለቅሶ መሆኑን ያውቃል። ከዚያ የእስከ ዛሬውን ሰርግ ሁሉ ገልብጦ ይቆጥረዋል። በማግስቱ ታንኩ እዚህ ነው።» ሲናገር ስለ ጠላት ሳይሆን ስለ ሀብታም አጎቱ የሚያወራ ይመስል ነበር። ትርንጎም አመነችው።

ካርዱ ወደ እነ ትርንጎ ቤት የመጣው በሐምሌ መጀመሪያ፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው።

መርዶ ድሮም በጠዋት ነው የሚነገረው፤ አዋጁ ይህን አልቀየረውም። መንበሩ ሁለት ሽማግሎች አስከትሎ መጣና በር ላይ ቆመ። አቶ መባል ስለሚወድ ነው መንበሩ ብቻ የምንለው። ካርዱ ወርቃማ ነው፣ ዳሩ ላይ ሁለት ቀለበት ተስሎበታል። የትርንጎ እናት እትዬ ይታክቱ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ ተቀብለው ለልጃቸው ሰጧት፤ ትርንጎም ጮክ ብላ አነበበችው፤ ልማድ ነውና ድምጿን እንኳ አሳመረችው። «ደስታ ተመድቦላችኋል። ሰርጋችሁ ቅዳሜ ነው።» ከእነ ትርንጎ ቤት የዘመተው አንድ ብቻ ስለሆነ ማን ብሎ መጻፍ አላስፈለገም። ካነበበችው በኋላ ነው የገባት።

ወንድሟ አንዳርጌ ሃያ ዓመቱ ነበር። እጁ ከጉልበቱ ሊደርስ ምንም የማይቀረው ረጅም ልጅ፣ ዣንጥላ ጠጋኝ፣ ሲሠራ የሚያፏጭ። ትርንጎ ከሰርግ ስትመለስ «ዛሬስ ለማን ተዳርሽ?» እያለ የሚያበሽቃት እሱ ነው። ግንባር ሲሄድ በር ላይ ቆሞ «የኔ ሰርግ ሲደርስ ግን አንቺ እንዳትሞሸሪ፤ ፊትሽን ማየት ሰልችቶኛል» ብሏት ነበር። እሷም ያኔ ማን ያገባሃል አንተ ቀውላላ ብላ መለሰችለት። ይኸው ነው የተለያዩበት ነገር። ሰው ቢያውቅ ኖሮ የተሻለ ነገር ያዘጋጅ ነበር።

ትርንጎ ሌላ ሙሽሪት ትመደብልን አለች። መንበሩ የቀበሌው ሁለተኛ ሙሽሪት በጭፈራ ላይ ወድቃ እግሯ መሰበሩን አስታወሳት። እህት ለወንድሟ ስትሞሸር ነውር ነው፣ የትም አገር አልተሰማም አለች። መንበሩ ካርዱን የመዘገበበትን ደብተር ዘጋና፣

«ዝምድና ከላይ አይታይም» አላት።

ሽማግሎቹ ጫማቸውን አዩ። አንደኛው፣ ነገር ለማለዘብ ብለው፣ ድሮ ያላገባ ጎረምሳ ሲሞት እናቱ በለቅሶው መካከል የሰርግ ዘፈን ታወርድለት እንደነበረ አነሡ። መንበሩ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። «ይኸው፣ ባህላችን ነው» አለ። ጻፈውም።

ሲወጡ አንደኛው ሽማግሌ ወደ ኋላ ቀርተው፣ ነገሩ የሆነው ሰኔ አሥራ ሁለት፣ ግንባር ያለው ድልድይ ጋ መሆኑን ለትርንጎ በጆሮዋ ሹክ አሏት። እትዬ ይታክቱ ሣጥኑን ከፍተው የአንዳርጌን ኮት አወጡ፤ ቡና ዓይነት፣ ክርኑ የተጣፈ። አቧራ ሳይኖርበት አራገፉት። ሦስት ቀን ሙሉ ኮቱን ታቅፈው ቆዩ። ሲያለቅሱ ፊት ለፊት እያዩ ነው፤ ቤታቸው ውስጥ፣ ጣራ ሥር ሆነው እንኳ አላቀረቀሩም። ትርንጎ ይህን ከበር ላይ ቆማ አየች። አርባ ሦስት ቤት ገብታለች፤ አርባ ሦስት እናት አይታለች፤ እንዲህ ሆነው ወደ ቤታቸው እንደሚገቡ ግን አስባው አታውቅም።

ዓርብ ጠዋት እናትየው ጠሯት። ንግግራቸው አጭር ነበር።

«ትርንጎ፣ አባትሽ ሲሞት ሰፈሩ ሁሉ ስሙን እየጠራ ነው ያለቀሰለት። ውሻ እንኳ ሲሞት ስሙ ይነሣል። ነገ ያ የሚበረው ሲጠይቅሽ የልጄን ስም ጥሪልኝ።»

«እማዬ፣ ታንክ ይገባል ነው የሚሉት።»

«ይግባ።»

«ሰው ያልቃል እማዬ።»

እትዬ ይታክቱ ኮቱን አጣጠፉ። «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አሉ። ይህን አነጋገር የእናት ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሺ ማለት አይደለም፣ እንቢ ማለትም አይደለም፣ ብቻ ከዚያ በኋላ ምንም ብታደርግ ጥፋቱ ያንተ ነው።

ቅዳሜ ድንኳኑ ተተከለ። ሰማንያ ሁለት እንግዳ መጣ፤ መንበሩ በር ላይ ቆሞ ቆጥሮታል። ጋሽ ድንበሩ መላጣቸውን ተቀብተው ደርሰዋል። እትዬ ይታክቱ ወደ እሳቸው ሄዱና ኮቱን ዘረጉላቸው። ድሮ በለቅሶ ላይ የሟች ልብስ ይወጣ ነበር፤ ይህ ደንቡ ሳይከለክል የረሳው ነገር ነው። ጋሽ ድንበሩ አንዲት ነገር ሳይቀልዱ ለበሱት። እጅጌው ጣታቸውን ውጦ ተንጠለጠለ። ትርንጎ ያን ባዶ የእጅጌ ጫፍ ይዛ፣ ቬሎዋን ዘርግታ፣ ከድንኳኑ አፍ ወጣች። ከላይ ሲታይ ሳታምር አትቀርም።

ከበሮው ተመታ። እሷም ዞረች። በሁለተኛው ዙር ላይ ግን የምታውቀው ሥራ ሁሉ ከእጇ ወጣ፤ ትከሻዋ አልታዘዝ አላት፤ ቀጥ ብላ ቆመች። ያኔ ነው አንድ እጅ ክንዷን የቆነጠጣት። ዞር ስትል እትዬ ዘርፌ ናቸው። እየጨፈሩ ነው፤ ፈገግ ብለዋል፤ በጥርሳቸው ብቻ።

«ትከሻሽን ላላ አድርጊው እንጂ የኔ እመቤት» አሏት። «ከላይ ያስታውቅብሻል።»

ትርንጎ ትከሻዋን እያንቀጠቀጠች የእትዬ ዘርፌን ፊት አየችው፣ እትዬ ዘርፌም የእሷን። የእትዬ ዘርፌ ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋና የቆነጠጡበትን ቦታ በመዳፋቸው አሸት አሸት አድርገውላት ወደ ኋላ ተመለሱ።

ሚዜው በስድስት ሰዓት መጣ። እንደ ልማዱ ከድንኳኑ በላይ አንዴ ዞረ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ በትርንጎ ፊት ቆመ። ጨዋታው ረገብ አለ። መንበሩ ከጎኗ ተጠግቶ ከዝርዝሩ ላይ የዕለቱን ስም በጣቱ አሳያት፤ ካሣሁን ይላል። እትዬ ይታክቱ ፊት ለፊት ቆመዋል። አላስጠነቀቋትም፣ አልለመኗትም፤ የሚያዩት እሷን ሳይሆን የኮቱን እጅጌ ነው።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አለ ሚዜው። «የሙሽራው ስም ማን ይባላል?»

ትርንጎ አፏን ከፈተች። ካሣሁን ለማለት ነበር፤ ምላሷ ላይ ተቀምጧል። ስለ ታንኩም አሰበች፤ ስለ ሰማንያ ሁለቱም አሰበች። ከዚያ ግን ዣንጥላ እየጠገነ የሚያፏጭ ልጅ ካሣሁን ተብሎ ሲዳር ታያት፤ በስድሳ ዓመት ሬሳ ስም፣ ከስልክ ማውጫ በተገኘ። አስጠላት።

«አንዳርጌ» አለች።

ከበሮው ቆመ። መንበሩ አመድ መሰለ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ቀበሌ በአደባባይ የተጠራ የመጀመሪያው የሟች ስም ይህ ነው። እትዬ ይታክቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰው ሁሉ ደንቡን ረስቶ ሽቅብ አንጋጠጠ። አንዲት ደመና አለች። አንድ እውነተኛ ጭልፊት ደግሞ ከሩቅ ይዞራል።

«አመሰግናለሁ። አንዳርጌ። መልካም ጋብቻ» አለ ሚዜውና ከረሜላውን ጣለ።

ትርንጎ ከረሜላዋን አየቻት፤ እግሯ ሥር ወድቃለች። ሰማዩ እስኪደረመስ ጠበቀች። አልተደረመሰም። እውነት ለመናገር ከዚህ በፊት ፈርታ ነበር እንጂ አልተናደደችም። አሁን ተናደደች።

«አልሰማኸኝም መሰለኝ» አለችው። «አንዳርጌ ነው ያልኩህ። ሰኔ አሥራ ሁለት ድልድዩ ጋ የገደላችሁት። መዝገብህን እየው።»

ሚዜው ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ አለች። «ይቅርታ፣ በዚህ ስም የያዝነው ነገር የለም።»

«የገደላችኋቸው ሰዎች ስም የተጻፈበት መዝገብ አለ አይደል?»

«እንደዚያ ያለ መዝገብ የለንም። ለሙሽራው ረጅም ዕድሜ እንመኛለን። ሌላ የምረዳችሁ ነገር አለ?»

ሰማንያ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የሚያስበው ነገር ሲኖር ድምፅ ይኖረዋል ብሎ የሚጠብቅ ይኖር ይሆናል፤ የለውም። ጋሽ ድንበሩ በዚያ በተንጠለጠለው እጅጌ ግንባራቸውን ጠረጉ። ጥቁሩ ቀለም በላብ ተነክሮ ወደ ጉንጫቸው ወርዷል።

«ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ቀለም የምቀባው ለማን ኖሯል?» አሉ።

እትዬ ይታክቱ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱት። ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጠው አዘቅዝቀው ለበሱት፤ ቀስ ብለው፣ ቸኩለው ምንም እንዳያበላሹ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡና አቀረቀሩ። «አንዳርጌ» አሉ፤ መጀመሪያ በለሆሳስ፣ ልጅ ከእንቅልፉ እንደሚቀሰቅስ ሰው። ቀጥሎ እንደ እናት።

እትዬ ዘርፌ ሚዜው ጋ ሄዱ። አሁንም እየተንሳፈፈ ነው፤ የምረዳችሁ አለ ወይ ብሎ ጠይቆ መልስ ስላላገኘ ይጠብቃል። የመጀመሪያ ልጃቸውን ስም ነገሩት። «መልካም ጋብቻ» አለና ከረሜላ ጣለ። የሁለተኛውን ነገሩት። መልካም ጋብቻ፣ ከረሜላ። የሦስተኛውን ሲነግሩት ድምፃቸው ተቆረጠ፤ ግማሹን ነው ያሉት። እሱ ግማሹንም ተቀበለው፤ ለግማሽ ስምም አንድ ሙሉ ከረሜላ ሰጠ። ከኋላቸው ሌላ እናት ቆማ ነበር። ከእሷ ኋላ አንድ አባት። ለውኃ እንደሚሰለፍ ሰው ተሰለፉ። ልጅ፣ ባል፣ ወንድም፣ ያ ለምን አናቆመውም ብሎ የጠየቀው አስተማሪም ሳይቀር፤ ሁሉም በስማቸው ተጠሩ፤ ሁሉም ተዳሩ። ከረሜላው ሣሩ ላይ ተቆለለ። የበላው የለም።

ከበሮ መቺው ከበሮውን ጋደም አደረገው። ደረት መመታት ጀመረ። ሦስት ዓመት ተጠራቅሞ የቆየ ስለነበር አመታቱን የረሱ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ መሀል ላይ ትከሻቸው በልማድ ይንቀጠቀጥባቸውና ራሳቸውን በጥፊ እንደ መምታት ያህል ያቆሙታል። ንፍሮው ከዳቦው ሥር ወጥቶ በሰፌድ ዞረ።

መንበሩ ከወዲያ ወዲህ ሮጠ። ተነሡ፣ ጨፍሩ፣ ዓይኑ ያያችኋል፣ ታንኩ ይመጣል እያለ የአንዷን ክንድ ይጎትታል፣ የሌላዋን ነጠላ ሊገለብጥ ይሞክራል። አላስጨነቁትም፤ አልሰደቡትምም። ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጃቸውን ወዝወዝ ያደርጉበታል። ሚዜው ሲሄድ ስንት ሰርግ እንደ መዘገበ አይታወቅም፤ የዚያን ቀን በሰባት አምባ ላይ ያለው የደስታ መጠን በጎረቤት ቤት ከምንጊዜውም በላይ ከፍ ብሎ ታይቶ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጠላት ያሸንፈናል ብሎ መፍራት ተገቢ ነው። እንዲህ ያለ ጠላት ያየናል ብሎ መኩራት ግን የሹም ሥራ ነው።

በመጨረሻ መንበሩ ድንኳኑ አፍ ላይ ብቻውን ቆመ። ሽቅብ አየ። ሰማዩ ባዶ ነው። ባዶነቱ ነው የበለጠ ያስፈራው። ነጠላው ተዘቅዝቋል፣ ደረቱ ይመታል፣ ስሙ ይጠራል፤ ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው ቢጨፍር ምናልባት ሂሳቡ ይስተካከል እንደሆነ ብሎ መጨፈር ጀመረ። ከበሮ የለም፣ ጭብጨባ የለም፤ በለቅሶው ምት እስክስታ ይወርዳል። ላቡ ይንቆረቆራል። ከሰማንያ ሁለት አልቃሽ መሀል አንድ ጨፋሪ።

ትርንጎ የቬሎዋን መሸፈኛ ከራሷ ላይ ነቅላ ወገቧን ታጠቀችበት። ወደ እናቷ ስትሄድ በመንበሩ አጠገብ ነው የምታልፈው። እሱም በዓይኑ ለመናት፤ ትንሽ እንድታጅበው ብቻ፣ ለአንድ ዙር። ቆም አለች። ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ሥራዋን የምታውቅ ሙሽራ ጀማሪን እንደምታይ።

«ትከሻዎን ላላ ያድርጉት እንጂ አቶ መንበሩ» አለችው። «ከላይ ያስታውቅብዎታል።»

ከዚያ ጠባቧን ጫማ አውልቃ፣ እናቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና አቀረቀረች።